የወይኒት አንድ ጉንጭ

በወይኒት ወንዝ ላይ ዛሬ ድልድይ አለ። መኪና ያልፍበታል፤ በገበያ ቀን አህያው ከነጭነቱ ያልፍበታል። ይሁንና ከአንዱ ዳር ከአፋፍ ወደ ማዶው ወደ ሜዳ የሚሄድ የአገሩ ሰው ድልድዩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዛል። አይውጠውም፤ አይተፋውም። ጉንጩን ነፍቶ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ይሄድና ማዶ ሲደርስ መሬት ላይ እንትፍ ይለዋል። ከሜዳ ወደ አፋፍ የሚመጣውም እንዲሁ ያደርጋል። እንግዳ ሰው ሲያየው ይስቃል፤ አንዳንዱማ የጥንቆላ ነገር ነው ብሎ ያወራል። ይህ የአገሩን ሰው በጣም ያናድደዋል፤ ቢያናድደውም አይፈረድበትም። ነገሩ ከጥንቆላ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ነገሩ የአንድ ሰው ቁጣ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በአገሩ ድልድይ ከመታሰቡ በፊት፣ «አንድ ጉንጭ» በሚባለው በዚህ ቦታ ጀምበሬ የሚባል አሻጋሪ ነበር። ወንዙ ወይኒት የተባለው ክረምት ሲገባ ውሃው የወይን ጠጅ መልክ ስለሚይዝ ነው ይባላል። ጀምበሬ ረጅም ዘንግ ይዞ ከፊት ይገባል፤ በዘንጉ የወንዙን ወለል እየነካካ የሚረገጠውን ከማይረገጠው ይለያል፤ ተሻጋሪዎቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው ከኋላው ይከተሉታል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ውሃው ደረት ሲደርስ ብቻውን የቆመ ሰው ይወሰዳል፤ እጅ ለእጅ የተያያዘ ግን ይቆማል። ስለዚህ የተኳረፈም ሆነ ደም የተቃባ፣ ወይኒት ውስጥ ከገባ የጎረቤቱን እጅ መያዝ ግዴታው ነበር። ጀምበሬ በሥራው የሚኮራውም በዚህ ነበር ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ ሰላም የማይባባሉ ሰዎችን እጅ ለእጅ አያይዞ ያሻግር ነበርና።

ታዲያ የአገሩ ገዥ ልጅ ሳይወልዱ ሞቱና የወንድማቸው ልጅና የሚስታቸው የወንድም ልጅ ለሹመቱ ተነሡ። አንደኛው ልጅ ጉልላት ነው፤ ሁለተኛው ልጅ አምባዬ። አፋፎች ጉልላት አሉ፤ ሜዳዎች አምባዬ አሉ። ከዚያ በኋላ በአገሩ ሌላ ወሬ ጠፋ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሟቹን ሳያለቅስ «ጉልላት ወይስ አምባዬ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለክርስትና አባት የሚፈለግ ሰው መጀመሪያ ወገኑ ይጣራል። አንድ የጽዋ ማኅበር ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ያንኑ ቅዱስ በየፊናቸው ይዘክሩ ጀመር ይባላል፤ ቅዱሱ የማን ወገን እንደነበር ግን የተናገረ የለም።

ጀምበሬ ሐሳብ የሌለው ሰው አልነበረም። ይህ ጠበቅ ተደርጎ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ዛሬም ቢሆን ዝም ያለን ሰው ሁሉ እንደ ባዶ እንስራ የሚቆጥር ሞልቷል። ጀምበሬ ሁለቱንም ልጆች በየጊዜው እጃቸውን ይዞ አሻግሯቸዋል፤ ሰው ውሃ መካከል ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ከሁለቱ ለሹመት የሚበጀው የትኛው እንደሆነም በልቡ ቆርጦ ነበር ይባላል። ነገር ግን ለማንም አልተናገረም።

«ለኔ እንኳ አትነግረኝም?» ትለው ነበር ሚስቱ ትርንጎ።

«ወንድምሽ ሜዳ ነው፤ እናትሽ አፋፍ ናቸው። ብነግርሽ ከማን ልትደብቂ ነው?»

«ከሁለቱም!»

«እንግዲያው እኔ ልደብቅልሽ፤ አንቺ ሌላም ሥራ አለብሽ።»

ያ ሜዳ የሚኖረው ወንድሟ ታፈረ ይባላል። ቀልደኛ ነበር፤ ጉልበተኛም ነበር፤ ከአምባዬ ወገን መሆኑንም በየመንገዱ የሚያውጅ ነበር። ገበያ በመጣ ቁጥር ገና ከወንዙ ማዶ ሆኖ ይጮሃል።

«አማቼ! ዛሬ ዘንግህ ወደማን ያዘነብላል?»

«ወደ ታች ነው። ዘንጌ የጭቃ ወገን ናት።»

«ጭቃውስ የማን ነው?»

«የገባበት ያውቀዋል። ና ግባ፣ አትለፍልፍ።»

ታፈረ ይስቃል፤ ይገባል፤ እጅ ይይዛል። እሱ ሲጠይቅ ለጨዋታ ነበር። ሌሎቹ ግን ለጨዋታ አልጠየቁም።

የዚያ አገር ሰው ቅኔ ወዳድ ነው። ሰም ሲሰጡት ወርቁን ቆፍሮ ካላወጣ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ በማኅበር ላይ ሲሆን ያምራል፤ ወንዝ ዳር ሲሆን ግን እንዴት ያለ ጥፋት እንደሚያመጣ ተመልከቱ። አንድ ቀን ጀምበሬ ዘንጉን ነክሮ «ዛሬ ውሃው ወደ ሜዳ ያደላል፤ ጠንቀቅ በሉ» አለ። እውነቱን ነበር፤ የውሃው ኃይል በሜዳ በኩል በርትቶ ነበር። አፋፎች ግን «ሰማችሁ? ወደ ሜዳ ያደላል አለ! ያደላውስ እሱ ነው!» ብለው አገሩን በወሬ ሞሉት።

በሌላ ቀን ደግሞ ይህ ሆነ። በወንዙ መካከል አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ጫፉን የጥንት አሻጋሪዎች «ጉልላት» ይሉታል። ጉልላቱ ከታየ ወንዙን ይሻገሩታል፤ ከተሸፈነ ማንም አይገባም። ጀምበሬ አባቱ እንዳስተማረው «ጉልላቱ ተውጧል፤ ዛሬ መሻገር የለም» ሲል ሜዳዎች ከማዶ እልል አሉ፤ አፋፎች ዱላቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ከወንዙ ራስጌ ወዳለው ተራራ አይቶ «አምባው ላይ ደመና አለ» አለ፤ አሁን ደግሞ ተራው የሜዳዎች ሆነና ተቆጡ። እስቲ ፍረዱ! ድንጋዩ ስሙን ያገኘው ልጅ ጉልላት ሳይወለድ ነው፤ አምባውም አምባዬን አያውቀውም። ሰውዬው ስለ ደመና መናገር እንኳ ተከለከለ ማለት ነው።

ጀምበሬ ቃላቱን አንድ በአንድ ይጥል ጀመር። ጉልላትን «ጫፉ» አለው፤ አምባውን «ያ ከፍ ያለው» አለው፤ ያደላል ማለትን እርግፍ አድርጎ ተወ። በመጨረሻ ከ«ግቡ»፣ ከ«ቁሙ»ና ከ«እጅ ያዙ» በቀር የማይናገር ሆነ። ይህም አላዳነውም። «ያዙ ሲል ማንን ያዙ ማለቱ ነው?» ብለው ሁለቱም ወገኖች በየቤታቸው ተቀምጠው ተመራመሩበት።

እንደሚነገረው በዚያ ዓመት አፋፍና ሜዳ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ እሱም ጀምበሬን በግድ ማናገር ነበር። ሽማግሌ ተላላኩ፣ ቀን ቆረጡ፣ ያልተስማሙበት ነገር አልነበረም። ገዥ ለመምረጥ የተጣሉ ሰዎች አንድን ሰው ለማስጨነቅ ሲሆን እንዴት እንደሚፋቀሩ ማየት ነው! ትእዛዙን ያመጡት የአፋፉ ሹም ግራዝማች ሸዋንግዛው ነበሩ።

«ለሰኔ ሚካኤል ሕዝቡ በሁለቱም ዳር ይሰበሰባል» አሉት። «አንተ መካከሉ ላይ ቆመህ የማን እንደሆንክ ትናገራለህ። እምቢ ካልክ ዘንጉ ከእጅህ ይነጠቃል፤ ለሌላ ይሰጣል።»

«ጌታዬ፣ ከተናገርኩ እኮ ግማሹ ሰው እጄን አይይዝም።»

«አይያዛ!»

«እጄን ያልያዘ ይሰጥማል።»

«የሰጠመው የኛ ካልሆነ ምን ቸገረህ?»

ጀምበሬ ግራዝማችን ትኩር ብሎ አያቸው። ለመሳቅም ለመሳደብም አፉን ከፍቶ ነበር ይባላል፤ ሁለቱንም ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ለትርንጎም የቆረጠውን ነገራት፤ ዘንጉን በፈቃዱ ያስረክባቸዋል እንጂ ልቡን አውጥቶ አያሳያቸውም።

«ከአባትህ የወረስከውን ዘንግ?» አለችው።

«እንጨት ነው። ይውሰዱት። ሆዴ ውስጥ ያለውን ግን እኔ ካልሰጠኋቸው ማንም አይወስደውም። ዛሬ የማን ነህ ብለው ካናገሩኝ ነገ ደግሞ ለምን የእሱ ሆንክ ይሉኛል፤ ከነገ ወዲያ ወንድምህን ለምን አሻገርክ ይሉኛል። እኔ ሰው ነው የማሻግረው፤ ወገን አላሻግርም!»

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ሰማዩ ብራ ነበር ይባላል። ውሃው ገና ከጭን አያልፍም፤ ጉልላቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አፋፎች በአንድ ዳር፣ ሜዳዎች በሌላው ዳር ጥቅጥቅ ብለው ቆሙ። ጀምበሬ ዘንጉን ይዞ ወደ መካከል ገባና ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ከሜዳ በኩል ታፈረ «አማቼ! ዛሬስ የጭቃ ወገን ነኝ ብትል አይሰሙህም!» ብሎ ሲጮህ አንዳንዱ ሳቀ።

ጀምበሬ «ዘንጌን ውሰዱ» ሊል አፉን ሲከፍት ሽታ ሸተተው፤ በጋውን የከረመ መሬት በዝናብ ሲመታ የሚወጣው ሽታ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። ጭኑ ዙሪያ አረፋና ደረቅ ቅጠል ይሽከረከራል፤ ውሃው የወይን ጠጅ መስሏል። ከወደ ላይ ወፎች እየተንጫጩ መጡ፤ ከወፎቹም ኋላ ድንጋይ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ተሰማው። ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«ደራሽ! ደራሽ ከላይ መጣ! ውጡ! ውጡ!»

አሁን እንግዲህ ቃሉን ልብ በሉ። ደራሽ ማለት እዚህ ሳይዘንብ ላይኛው አገር ዘንቦ ድንገት የሚመጣ ጎርፍ ነው፤ ወንዝ ዳር የተወለደ ልጅ ከእናቱ ስም ቀጥሎ የሚማረው ይህን ቃል ነው። ነገር ግን ደራሽ ማለት ለተጠቃ የሚደርስ ወገን፣ ረዳት ጦርም ማለት ነው። «ውጡ» ማለትም ከውሃ ውጡ ይሆናል፤ ለጠብ ውጡም ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው ደግሞ ሰውዬው የማን እንደሆነ ሊሰማ ነው እንጂ ስለ ውሃ ሊሰማ አልነበረም። ስለዚህ ሰሙን ጥለው ወርቁን አነሡ።

«ደራሽ ከላይ! የጉልላት ጦር ደረሰልን! ውጡ ብሎናል!» አሉ አፋፎች፤ እየፎከሩም ወደ ውሃው ገቡ።

«ጦር ጠራብን! ከዳን!» አሉ ሜዳዎች፤ ድንጋይ እያነሡም ወደ ውሃው ገቡ።

ውጡ የተባለ ሰው በሁለት በኩል ወደ ወንዝ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው አገር ተሰምቶ ያውቃል?

ከሜዳዎች ሁሉ ፊት የሮጠው ታፈረ ነበር። የሮጠው ግን ጀምበሬን ሊመታ አልነበረም። ድንጋዩ መወርወር ሲጀምር ሁለት እጁን ዘርግቶ «አማቼን አትንኩ! የእህቴን ቤት አታፍርሱ!» እያለ በመካከል ቆመ። ጀምበሬም ዘንጉን ወደ እሱ ዘርግቶ «ውሃ ነው! ታፈረ፣ ውሃ ነው!» ሲለው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነበር ይባላል። ዞሮ «ተመለሱ፣ ጎርፍ ነው!» ብሎ ወገኖቹን ጮኸባቸው። ከፊት ያሉት ተመለሱ። እሱ ግን የዘንጉን ጫፍ እንደነካ የጎርፉ ቀይ ግድግዳ ደረሰና ጉልላቱን፣ ዘንጉን፣ ታፈረንም ዋጠ።

ጀምበሬን ውሃው ከታች ዳር ጣለው። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው በውሃው ተወሰደ። ከዳኑት አብዛኞቹ በድንጋጤ ያገኙትን እጅ የያዙ ናቸው ይባላል፤ ማን የማንን እጅ እንደያዘ ግን ለመናገር የፈለገ የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው አለመግባባት ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ይቅር የሚባል አይመስልም። የታፈረ ለቅሶ በጀምበሬና በትርንጎ ቤት ተቀመጠ። ከአፋፍም ከሜዳም እዝን ይዘው መጡ፤ በልተው ሲያበቁ ትርንጎ ራሷ ማስታጠቢያ ይዛ እጅ ታስታጥብ ጀመር። ከግራዝማች ሸዋንግዛው ስትደርስ ግራዝማች እጃቸውን እየታጠቡ ወደ ጀምበሬ ዞሩ።

«መቼም እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። «ግን ለመሆኑ፣ ያ ደራሽ ያልከው የማን ነበር?»

ከሜዳ የመጡትም አንገታቸውን አሰገጉ፤ እነሱም ይህንኑ ሊጠይቁ ፈርተው ነበርና። ግራዝማች ቀጠሉ። «ቀድመህ ልብህን ብትነግረን ኖሮ እኮ ቃልህ አይምታታብንም ነበር። ጥፋቱ የዝምታህ ነው።» ይህን ብለው አፋቸውን ሊጉመጠመጡ አንድ ጉንጭ ውሃ ያዙ።

ትርንጎ በዚያች ቅጽበት ማስታጠቢያውን አንሥታ ወደ ኋላዋ ሸሸገችው።

ግራዝማች በዓይናቸው ፈለጉት፤ የለም። ወለሉ ላይ እንዳይተፉት ለቀስተኛ ተቀምጦበታል። እንዳይውጡት የጥርስ እጣቢ ነው፤ ለዚያውም በሰው ሁሉ ፊት። ጉንጫቸውን እንደ ነፉ ቀሩ።

«እንግዲህ ተናገር» አለችው ትርንጎ ባሏን። «ዛሬ የሚያቋርጥህ የለም።»

ጀምበሬም ተነሣ። ሰው በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ረጅም ንግግር ከእሱ አልሰማም ነበር ይባላል።

«የማን ነበር ትሉኛላችሁ? የውሃ ነበር! ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ ውሃ እያየሁ፣ የውሃን ስም ጠራሁ። አሻጋሪ ስለ ውሃ ካልተናገረ ስለ ምን ይናገር? ያደላል ስል አደላህ አላችሁኝ። ጉልላት ስል ዱላ አነሣችሁ። ደመና ስል ተቆጣችሁ። ቃሌን አንድ በአንድ ቀምታችሁኝ አንዲት ቃል ቀርታኝ ነበር፤ እሷንም ቀማችሁኝ፤ በእሷ የሚድነውን ሰው ገደላችሁባት። ልብህን ብትነግረን ትሉኛላችሁ? ብነግራችሁማ ግማሻችሁ ደራሽ ስል እውነት አይለኝም ነበር! ዝም ያልኩት ሁላችሁም ስለ ውሃ እንድታምኑኝ ነው። ልቤ የኔ ነው። እኔ ያንተን ልብ ጠይቄህ አውቃለሁ፣ አያ ሞላ? አንቺንስ፣ እትዬ ዘርፌ? እጃችሁን ነው የጠየቅኋችሁ! እጃችሁን ብቻ!»

ግራዝማች ቀይ ሆነው ተቀምጠዋል። ለመናገር ይፈልጋሉ፤ ጉንጫቸው ሙሉ ነው። ሲተርኩት እንደሚሉት፣ ከቁጡነታቸው የተነሣ ሰምተው የማያውቁትን ያህል ያን ቀን ሰሙ፤ ከዓይናቸውም እንባ ወረደ። እንባው የኀዘን ይሁን ውሃው አንቋቸው ይሁን እስከ ዛሬ ክርክር አለበት።

ትርንጎ ማስታጠቢያውን ስትመልስላቸው ግራዝማች ተፉ፤ አፋቸውን ጠረጉ፤ ግን ምንም አልተናገሩም። ጀምበሬ ይህን አየ።

በማግስቱ አዲስ ዘንግ ቆርጦ ወንዝ ዳር ቆመና ሕጉን ነገራቸው። የሚሻገር ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ድሀ፣ ከአፋፍም ይሁን ከሜዳ፣ ገና ሳይገባ ከወይኒት አንድ ጉንጭ ይይዛል፤ ማዶ ሳይደርስ አይተፋም። አፉ ባዶ የሚሆነው አሻጋሪው ብቻ ነው፤ አሻጋሪውም ከውሃ በቀር ሌላ አይናገርም። ጉልላቱም እንደ ድሮው ጉልላት ይባላል። ያልወደደ በሌላ በኩል ይዙር። በሌላ በኩል ደግሞ መንገዱ ሩቅና ገደል ነው፤ ወደዱም ጠሉም ጉንጫቸውን ነፍተው ገቡ። መጀመሪያ ከገቡት አንዱ ግራዝማች ሸዋንግዛው ነበሩ ይባላል። በዚያ ላይ ጥቅሙ እየታየ ሄደ፤ ጉንጩ ውሃ የያዘ ሰው በአፍንጫው ረጋ ብሎ ይተነፍሳል፤ አይጮህም፣ አይደናገጥም፣ ሌላውን አያስደነግጥም። «ቁሙ» ሲባል ይቆማል። «ደራሽ» ሲባል ይወጣል።

ጉልላትና አምባዬስ? እነሱማ ታረቁ! አገሩን ተካፈሉ፣ ልጆቻቸውን አጋቡ፣ በአንድ ብርሌ ጠጅ ጠጡ። በሠርጋቸው ላይ የታፈረን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም።

ጀምበሬ አርጅቶ አልጋ በያዘ ጊዜ ከሁለቱም ማዶ ሰው ጎረፈ። በሽተኛ መጠየቅ ነው ያመጣቸው እንዳይባል ዓይናቸው ከከንፈሩ አልነቀል ብሎ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ መታገሥ አልቻሉም።

«ጀምበሬ፣ አሁንማ ሁሉም አልፏል፤ ሁለቱም ሞተዋል። እስቲ ንገረን፤ የማን ነበርክ?»

ጀምበሬ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና በእጁ ውሃ ጠየቀ። ጉሮሮውን አርሶ ሊናገር ነው ብለው ሁሉም ተጠጋ። ትርንጎ በቅል ሰጠችው። አንድ ጉንጭ ያዘ። ጠበቁ። አልዋጠውም። ወደ ትርንጎ አየ፤ ትርንጎም ገባትና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እንዲሁ ጉንጩ ሙሉ እንደሆነ አረፈ ይባላል።

ዛሬ አሻጋሪ የለም፤ ዘንግም የለም። ጉልላቱ ግን በድልድዩ ሥር ቆሟል። አሁንም ሰው ሰውን «የማን ነህ?» እያለ የሚያስጨንቅበት ዘመን አላለፈም፤ እንዲያውም ብሶበታል። በድልድዩ ሁለት ጫፍ፣ ውሃው የሚተፋበት ቦታ ላይ፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ ሰርዶ አለ፤ አንዱ በአፋፍ ዳር፣ አንዱ በሜዳ ዳር። እንግዶች ቆመው ያዩትና ከሁለቱ የበለጠ የለመለመው የማን እንደሆነ የአገሩን ሰው ይጠይቃሉ። የሚጠየቀው ሰው ግን ጉንጩ ሙሉ ነው።